ጫማው እስኪለመድ

ጫማው የመጣ ዕለት አባቴ የስፌት መኪናውን አቆመ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ መኪናውን የሚያቆመው ሲበላና ክር ሲበጠስበት ብቻ ነው። እኔ ስወለድ እንኳ እናቴ ፎቅ ላይ ሆና ስትጮህ «እጅጌው ብቻ ነው የቀረኝ፣ መጣሁ!» እያለ ይመልስላት ነበር ተብሎ ሲሳቅበት ነው ያደግሁት። ያን ቀን ግን እግሩን ከመርገጫው አነሳ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና የካርቶኑን ክዳን በሁለት ጣቱ ብድግ አደረገው።

ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ነው። ተረከዙ ከእርሳስ ይቀጥናል። ፊቱ ደግሞ ከመሾሉ የተነሳ አምስት ጣት ላለው ሰው ታስቦ የተሠራ አይመስልም።

«ይሄ ወረንጦ ነው ጫማ?» አለች እናቴ።

«አንቺ ደግሞ! ስፌቱን እዪው እንጂ።» ውስጡ ላይ በወርቃማ ፊደል የሠሪው ስም ተጽፏል። አባቴ ማንበብ ባይችልም ጣቱን አስኬደበት። «ክሩ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ አይታወቅም። ያ ሰው እጁ ይባረክ!»

«የማን ነው?» አልኩ።

«የእህትሽ።»

«ማን ሰጣት?»

አባቴ ወደ እናቴ አየ፤ እናቴ ቁልፍ መትከሏን ቀጠለች። እህቴ፣ እኔ እታለም የምላት፣ በሩ ጋ ቆማ ካርቶኑን ውስጡ እባብ እንዳለበት ነገር ከሩቅ ታየዋለች።

«ከውጭ የመጣ ነው» አለኝ አባቴ በመጨረሻ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ወሬው ሁሉ «ከውጭ የመጣው» ሆነ። እኔ የጫማው ስም መስሎኝ ነበር። በዚያ ሰሞን ከውጭ የመጡት ሁለት እንደነበሩ ያወቅሁት አድጌ ነው። አንዱ ጫማው፤ ሁለተኛው ጫማውን የላከው ሰውዬ። አክስቱ የአባቴ ደንበኛ ነበረች፤ የእህቴን ፎቶግራፍ ያሳየችውም እሷ ነች። ሰውዬው ለአጭር ጊዜ መጥቶ፣ አግብቶ፣ ይዟት ሊመለስ ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም። በኛ ቋንቋ ደግሞ ጫማም «እሱ» ነው፣ ሰውዬውም «እሱ» ነው፤ እኔ የቱን እንደሆነ በምን አውቄ?

ምሳ ላይ እታለም እህሉን ሳትነካ ተቀምጣ፣ «እሱን ሳየው ያመኛል» አለች።

«ገና እኮ ነው» አለች እናቴ። «እስኪለመድ ነው።»

«ካልለመድኩትስ?»

«ትለምጂዋለሽ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

እንቁላል ሹል ጫማ አድርጎ ሲንገዳገድ ታየኝና ሳቄ አመለጠኝ። አባቴ በዓይኑ ገሠጸኝና ወደ እህቴ ዞረ።

«ምን እንከን አወጣሽለት? ከውጭ የመጣ፣ ሰው ፊት የሚያኮራ። ደግሞ እንደሰፈሩ ዓይነት በዓመቱ አፉን የሚከፍት አይደለም። እድሜ ልክ ነው።»

«እድሜ ልክ!» እታለም ሳቀች፤ ሳቋ ግን አላማረኝም። «ታዲያ ወንጀሌን እንኳ ንገሩኛ፣ አባባ።»

አባቴ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። የእኔ ጭንቅላት ግን «ልክ» የምትለዋ ቃል ላይ ነበር። ቤታችን የልክ ቤት ነው፤ የወገብ ልክ፣ የትከሻ ልክ፣ የክንድ ልክ ስሰማ ነው የምውለው። «እድሜ ልክ» የሚባለውን እስከዚያ ሰምቼው ስለማላውቅ የጫማ ቁጥር መሰለኝ። አልሆናትም፣ ጠቧታል ማለት ነው አልኩ በልቤ።

«መልሱልኝ» አለች እታለም፣ በጣም ቀስ ብላ።

«የተቀበሉት አይመለስም። ቃል ሰጥቻለሁ።»

ለጫማ ቃል መስጠት ምን የሚሉት ነገር ነው ብዬ ስገረም ሰነበትኩ። ለአባቴ ግን ቃሉ ከልጁ ቀደመበት፤ ዛሬም ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ እታለም ከቤት እንዳትወጣ ተባለ። ድሮ የተሰፋ ልብስ ለደንበኞች የምታደርሰው እሷ ነበረች፤ ከተማውን እንደ መዳፏ ታውቀው ነበር። አሁን ልብሱን የሚወስዱት ደንበኞቹ ራሳቸው ሆኑ። ወደ መንገድ የሚያስወጣው በር ሱቁ ውስጥ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ደግሞ አባቴ አለ። ከምሳ በኋላ ፎቅ ወጥታ ጫማውን አድርጋ እየተራመደች እንድታላምድ ታዘዘች። የመኝታ ቤታችን ወለል ጣውላ ነው፤ ለሱቁ ኮርኒሱ መሆኑ ነው። አባቴ እየሰፋ ከራሱ በላይ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ይሰማል።

«ኮቴዋን ስሰማ እጄ ይረጋል» ይላል። እኔ ደግሞ ለእህቴ እግር አዝኖ መስሎኝ እወደው ነበር። ለካ እንደ በግ ቃጭል አስሮላት ኖሯል።

መጀመሪያ ሰሞን እታለም እውነት ተራመደችበት። ሲመሽ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስታወልቀው አብሬ እቆጥራለሁ፤ ውኃ የቋጠረው፣ የፈረጠው፣ ቆዳው ተገሽልጦ ቀዩ የወጣው። ትንሿ ጣቷ ከጎረቤቷ ሥር ገብታ ተደብቃ ነበር። እፍ፣ እፍ እልላታለሁ። አንድ ቀን ተረከዟ ደምቶ ካልሲዋ አልላቀቅ ሲላት አንጀቴን በላችው።

«እታለም፣ እኔ ላላምድልሽ?» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን በመሀል አቋረጠችና ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ። ቀና ብላ በሩን አየች፤ ወለሉን አየች፤ እንደገና እኔን።

«ትንኟ» አለች፤ የቤት ስሜ ነው፣ ሰውነቴ ስለማይበረክት ያወጡልኝ። «ሆድ ይፍጀው ካልኩሽ ትችያለሽ?»

«ሞቼ እገኛለሁ!»

በማግስቱ ከሱቅ ያመጣችውን የጨርቅ ቁርጥራጭ ጫማው ሹል ውስጥ ጠቀጠቀች፤ የእኔን እግር ከትታ በጥብጣብ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰረችው። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሦስተኛ ላይ ቆምኩ፤ የመስኮቱ ደፍ ደረቴ ጋ ደረሰ። ተራመድኩ፤ እታለም ግን ጆሮዋን አዘንብላ ሰማችና ራሷን ነቀነቀች። አልጋ ሥር ገብታ አሮጌውን የከሰል ካውያ አወጣች። ብረት ነው፣ እንደ ሕፃን ይከብዳል።

«ይሄን እቀፊው።»

«ለምን?»

«ጫማ የሚሰፋው በክብደት ነው።»

አመንኳት። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ጫማው በካውያ ቢሰፋም ባይሰፋም ግድ አልነበራትም፤ ታች ያለው ጆሮ የትንኝ ኮቴ እንዳይሰማ ነው።

«መኪናው እየሠራ ሲሆን አልጋው ላይ ማረፍ ትችያለሽ» አለችኝ። «መኪናው ዝም ካለ ግን ተራመጂ። እኔ እስክመጣ።»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«እግሬን ላፍታታ።»

ከመኝታ ቤታችን በስተጀርባ ወደ ጓሮ የሚወርድ የብረት ደረጃ ነበር። እታለም ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ባዶ እግሯን፣ ድመት እንኳ በማትችለው አወራረድ ወረደች።

እኔ የማላመድ ሥራዬን ያዝኩ። ከመስኮት እስከ ቁም ሳጥን፣ ከቁም ሳጥን እስከ መስኮት። እግሬ ተንሸራትቶ ሹሉ ውስጥ ይገባል፤ ጣቶቼ እርስ በርስ ይረጋገጣሉ፤ መውጫ የለም። ጥብጣቡ ሥጋዬ ውስጥ ይሰምጣል። ክንዴ ካውያው ላይ ይደነዝዛል። ውጭ የሰፈሩ ልጆች ሲጫወቱ፣ ስሜን ሲጠሩ እሰማለሁ፤ መስኮት ጋ ደርሼ አያቸዋለሁ፤ መልስ መስጠት አልችልም፤ እኔ እዚያ የለሁማ። ታች መኪናው ጸጥ ሲል ልቤም አብሮ ጸጥ ይላል፤ ዘልዬ እነሳለሁ። ታስሬ ነበር። ግን ለእህቴ ብዬ ስለታሰርኩ ኩራቱ አይጣል ነበር።

እታለም ሻይ ሳይፈላ ትመለሳለች። ላብ ላብ፣ ደግሞ እንደ ጋዝ ያለ ነገር ትሸታለች። ጥብጣቡን ፈትታ እግሬን ጉንጯ ላይ ታስደግፈዋለች። አመሻሽ ላይ ደግሞ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ እግሮቿን ወለሉ ላይ ተራ በተራ ትጫናለች፤ ግራውን ጫን፣ ቀኙን ጫን፣ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ አየሩን ጨብጣ ትስባለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ልቀቂ… ቀስ ብለሽ ልቀቂ… አሁን ስጪው።»

«ያምሻል?» እላታለሁ።

«እየተሻለኝ ነው።»

ከሕመሙ ጋር የምታወራ ይመስለኝ ነበር። ፍሪሲዮን እየለቀቀች፣ ማርሽ እያስገባች እንደነበር የገባኝ እኔ ራሴ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስማር ነው። አስተማሪዬ «ቀስ ብለሽ ልቀቂ፣ አሁን ስጪው» ሲለኝ መሪውን ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ፤ ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባውን ሲያንባርቅ ነው የነቃሁት። የአውቶቡስ ድርጅቱ ሴት ሾፌሮች መቅጠር የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። የሾፌሮቹን ሸሚዝ የሰፋው አባቴ፣ ያደረሰችው እህቴ፤ መንዳት የምትማረውም እዚያው ነበር። በገዛ እጁ መንገዱን አሳያት ማለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ይሆናል፣ አባቴ ግን ኮርኒሱን ያዳምጥ ነበር።

እናቴንም የሸወድኳት መስሎኝ ነበር። ማታ እግሬን ስታጥበኝ ጣቶቼን አይታ ምንም አትልም። ቫዝሊን ታመጣና በአውራ ጣቷ ቁስሉ ዙሪያ፣ ሳትጫን፣ ለረጅም ጊዜ ታሻሻለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ክንድሽንስ አያምሽም?» አለችኝ።

«አያመኝም» አልኳት። ለምን ስለ ክንዴ እንደጠየቀችኝ እንኳ አላሰብኩም። ዕድሜዋን በሙሉ እዚያ ኮርኒስ ሥር ተቀምጣ ቁልፍ የተከለች ሴት የሁለት ልጆቿን ኮቴ ትስታለች ብዬ ማመኔ!

የመጨረሻው ቀን እንደሌላው ቀን ነው የጀመረው። እታለም ጥብጣቡን አሰረችልኝ፤ ካውያውን አሳቀፈችኝ። ከዚያ ግን አንገቴ ሥር አፍንጫዋን ቀብራ ሳመችኝ፣ አልለቅ አለችኝ፣ ካውያው ሁለታችንንም ወጋን።

«ዛሬ መኪናው ቢሠራም አትቁሚ፣ እሺ ትንኟ? እስክመጣ።»

አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዛለች። ፋሻ ልትገዛልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ተራመድኩ። ጥላው ከአልጋው ወርዶ ወለሉን ያዘ። ታች መኪናው ይሠራል። ድንገት ቆመ። የሱቁ በር ሲከፈት፣ ወንበር ሲጎተት፣ የሴት ድምፅ ሲያስካካ ሰማሁ፤ የሰውዬው አክስት ነች። ከእሷ ጋር አንድ የማላውቀው ወፍራም ድምፅ አለ። እሁድ ይመጣሉ ሲባል የነበሩት እንግዶች ያኔ ከተፍ አሉ። ሰውዬው ጉዞው ቀድሞበት ኖሯል፤ ነገሩን በዚያው ሳምንት መጨረስ ፈልጎ ነበር።

«እሷ ነች እንዴ ከላይ የምትራመደው?» አለች አክስት።

«እሷ ነች!» አለ አባቴ፤ ድምፁ በኩራት አብጧል። «ጠዋት ማታ ነው። ከእግሯ አውልቂው ብትባል አትሰማም።»

ወፍራሙ ድምፅ ሳቀ። እኔ ቀጠልኩ። ተረከዜ ሲረጥብ ተሰማኝ፤ ላብ መስሎኝ ሳይ ደም ነው። ማልቀስ ፈለግሁ፤ ሳለቅስ ደግሞ ካውያው ይንሸራተታል።

«ጥሪያት እስቲ» አለ አባቴ ለእናቴ።

የእናቴ እርምጃ ደረጃው ላይ ሲመጣ ክው አልኩ። በሩ ተከፈተ። እኔ ጫማው ውስጥ ሰምጬ፣ ካውያ ታቅፌ፣ ንፍጤ ወርዶ። እናቴ አየችኝ። ከዚያ ተከፍቶ የቀረውን ቁም ሳጥን አየች፤ የጓሮውን በር አየች። ጥፊውን ስጠብቅ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጥፊ አልመጣም። ስከፍት እናቴ የጓሮው በር ጋ ቆማ፣ ከአጥሩ ባሻገር ወዳለው መንገድ ትመለከታለች።

«ምነው ቆመች?» አለ አባቴ ከታች።

እናቴ ዞረች። በርከክ ብላ ካውያውን ከእቅፌ ወሰደች፣ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ጥብጣቡን በጥርሷ በጠሰችው። ደም የነካውን ጨርቅ መዥርጣ አወጣችና ወረወረችው። ከዚያ ያን ሰፊ እግሯን፣ ጣቱ የተጠማዘዘ፣ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ እግሯን ሹሉ ውስጥ ከተተች። አልገባ አለ። ከንፈሯን ነክሳ ገፋችው። ፊቷ አመድ መሰለ። የቁም ሳጥኑን እጀታ ይዛ ተነሳች።

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

«ቀጥ በይ!» ብላ ጮኸች። «አንገትሽን አቅኚ! እንዲያ ነው!»

ለእኔ መስሎኝ ቀጥ አልኩ፤ አንገቴንም አቀናሁ። እሷ ግን እኔን አታይም። ከመስኮት እስከ ቁም ሳጥን፣ ከቁም ሳጥን እስከ መስኮት ትራመዳለች፤ በየዙሩ የጓሮው በር ጋ ስትደርስ ወደ መንገዱ ታያለች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል፤ ድምፅ ግን የላትም። ለካ እማዬም ጫማው አምሯት ኖሯል ብዬ አሰብኩ። አዘንኩላት ደግሞ፤ እኛ በፈረቃ ስናደርገው እሷ ታች ቁጭ ብላ ስትመኝ።

«በቃ ትውረድ እንጂ! ሰው ተቀምጧል!» አለ አባቴ።

«ገና ነው! እየለመደች ነው!» ብላ መለሰችለት። ድምጿ አልተሰበረም። ያን ዕለት የገዛችው ጊዜ ለእህቴ ከከተማ መውጫ ሆናት። ከብዙ ዓመት በኋላ እታለም እንደነገረችኝ፣ የሚያስቀጥራት ሰው የተቀመጠው በሌላ ከተማ ነበር፤ አውቶቡሱ እስኪሞላ ወንበር ሥር አጎንብሳ «አባባ አሁን ይደርሳል» እያለች ነበር። የደረሰባት የለም።

አባቴ እንደገና ሲጠራ፣ ድምፁ ተቆጥቶ ደረጃው ሥር ሲደርስ፣ እናቴ ቆመች። በሻሿ ፊቷን ጠረገች። ቀሚሷን አስተካከለች። የደረጃውን መደገፊያ ጨብጣ በዚያው ጫማ መውረድ ጀመረች።

ደረጃው አናት ላይ ተቀምጬ በእንጨቶቹ መሀል አየሁ። ቀጭ ሲል አክስት ፊቷን በፈገግታ አስጊጣ ብድግ አለች። ሰውዬው ብድግ አለ፤ ኮቱን ቆለፈ። አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። መጀመሪያ ጫማው ታያቸው፤ ከዚያ ያበጠው ቁርጭምጭሚት፤ ከዚያ እናቴ።

እናቴ ሱቁ መሀል ቆመች፣ ቀጥ ብላ።

«ልጄ የለችም፤ ሄዳለች» አለች። «ጫማው ግን ተላምዷል።»

ያኔ ነው እሪ ያልኩት። የገባኝ መሰለኛ! ከውጭ የመጣው ጫማ ብቻ አልነበረም፤ ይሄ ሰውዬም ነው፤ የመጣውም ጫማውን ያደረገችውን ሴት ሊወስድ ነው። ደረጃውን እየተንከባለልኩ ወርጄ የእናቴን ቀሚስ ጨመደድኩ።

«እማዬን አትውሰዷት!»

ማንም አልሳቀብኝም። ሰውዬው ኮቱን ፈታ፤ አክስቱን በክንዷ ይዞ ወጣ። አባቴ እናቴን አላያትም። መኪናው ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን ረገጠ፤ ጨርቅ ሳይኖርበት፣ ባዶውን ሲሠራ ቆየ። ከዚያ በኋላ ለስንት ጊዜ እንዳላናገራት እኔ አውቃለሁ፤ የሚፈልገውን ሁሉ ለእሷ የሚነግራት በእኔ በኩል ነበር። ሱቁ ውስጥ፣ ከእሱ ክንድ ርቀት፣ እዚያው ወንበር ላይ ቁልፍ እየተከለች አረጀች። እታለም በራሷ አውቶቡስ መጥታ ልትወስዳት ስትለምናት እንኳ «ቤቱንስ ለማን ጥዬ?» ነበር መልሷ።

ያን ቀን ግን ገና ወጣት ነበረች። ጫማውን አወለቀች፤ ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች፤ የእኔን የደማ እግር በራሷ የደማ እግር ላይ አስተኛችው። እኔ አሁንም እየተንሰቀሰቅሁ በሩን አያለሁ።

«አይመለስም?» አልኳት። «አይወስድሽም?»

ፀጉሬን ዳበሰችኝ።

«እኔን ማን ይወስደኛል ብለሽ ነው፣ የኔ ትንኝ።»

እኔን ልታጽናና ያለችው መስሎኝ እንባዬን ጠረግሁ።